የማነጻጸሪያ አይጦቼ ደም ውስጥ ቲኤችሲ ተገኘ፤ ስህተቱ የት ይሆን?

ጥያቄ፦ ጀማሪዋ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በአሜሪካ በአንድ ዩኒቨርሲቲ በፋርማኮሎጂ የሦስተኛ ዓመት የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። የጥናቴ ዓላማ የካናቢስ ተክል ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር የሆነው ቲኤችሲ እና የማያሰክረው ሲቢዲ በራት ደም ውስጥ እስከ ምን መጠን እንደሚደርሱና በምን ፍጥነት እንደሚቀንሱ መለካት ነው። ራት ስል ትልቁን የላቦራቶሪ አይጥ፣ ማውስ ስል ደግሞ ትንሿን ማለቴ ነው፤ በአማርኛ ሁለቱንም አይጥ ስለምንላቸው እንዳይምታታ ብዬ ነው።

አሠራሬ የሚከተለው ነበር። 18 ራቶችን በሦስት ቡድን ከፍዬ፣ ለ6ቱ በኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም ቲኤችሲ፣ ለ6ቱ 10 ሚሊግራም ሲቢዲ፣ ለቀሩት 6 የማነጻጸሪያ አይጦች ደግሞ ማሟሚያውን ብቻ፣ ማለትም ኤታኖል፣ ክሬሞፎርና ሳላይን 1 ለ1 ለ18 የተደባለቁበትን ፈሳሽ፣ ሆዳቸው ውስጥ በመርፌ ሰጠኋቸው። ከዚያም በ30 ደቂቃ፣ በ1፣ በ2፣ በ4 እና በ24 ሰዓት ከጅራታቸው 200 ማይክሮሊትር ደም እየቀዳሁ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ ባለበት የፕላስቲክ ቱቦ ተቀብዬ፣ ፕላዝማውን በሴንትሪፊውጅ ለይቼ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር አስቀመጥሁ። ለልኬቱ ላቦራቶሪያችን ለዓመታት ሲሠራበት የቆየውን መመሪያ ተከትዬ፣ 30 ማይክሮሊትር ፕላዝማ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሲዳማ አድርጌ፣ ካናቢኖይዶቹን፣ ማለትም ቲኤችሲንና ሲቢዲን፣ በሄክሴንና በኤትል አሲቴት አውጥቼ፣ ማሟሚያውን በ50 ዲግሪ ሙቀት በናይትሮጅን አድርቄ፣ ቀሪውን ንጥረ ነገሮችን አስቀድሞ ለያይቶ ቀጥሎ በክብደታቸው በሚለካው በኤልሲኤምኤስ መሣሪያ ለካሁት።

ያስቸገሩኝ አራት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ምንም ቲኤችሲ ካልተሰጣቸው 6 የማነጻጸሪያ ራቶች በ4ቱ ደም ውስጥ በሚሊሊትር ከ0.6 እስከ 1.1 ናኖግራም ቲኤችሲ ተነበበ፤ የመለኪያችን ዝቅተኛ ወሰን 0.5 ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ዝም ብሎ ጫጫታ ልንቆጥረው አልቻልንም። ሁለተኛ፣ ሲቢዲ ብቻ በተሰጣቸው ራቶች ደም ውስጥም ቲኤችሲ አለ፤ እንዲያውም ከማነጻጸሪያዎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሦስተኛ፣ ያንኑ ፕላዝማ ከ10 ቀን በኋላ ደግሜ ስለካው የቲኤችሲው መጠን በ40 በመቶ ገደማ ጨምሮ አገኘሁት፤ ቢቀንስ ተበላሽቷል እል ነበር፣ ፍሪዘር ውስጥ የተቀመጠ ነገር እንዴት ይጨምራል? አራተኛ፣ ለማረጋገጥ ብዬ በፀረ እንግዳ አካል በሚሠራ ኢላይዛ በተባለ ኪት የለካሁት የ4 ሰዓት ናሙና ከኤልሲኤምኤሱ ስድስት እጥፍ የሚሆን ቁጥር ሰጠኝ።

አማካሪዬ በማነጻጸሪያዎቹ የተገኘውን ቁጥር አማካይ ከሁሉም ላይ ቀንሼ እንድቀጥል መክረውኛል። እኔ ግን ከየት እንደ መጣ የማላውቀውን ቁጥር ቀንሼ መሄድ አልዋጥልህ አለኝ። ልምድ ያላችሁ ብትረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።


መልስ፦ ሚዛን

የተከበሩ ጠያቂ፣ አልዋጥልህ ያለዎት በትክክል ነው። ቁጥር ቀንሶ መቀጠል የሚቻለው ብክለቱ በእያንዳንዱ ናሙና ላይ እኩል መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ሲሆን፣ እርስዎ የገለጹት ግን 4ቱ ላይ ታይቶ 2ቱ ላይ ያልታየ፣ ማለትም እኩል ያልሆነ ነገር ነው። እኔ በጀርመን የመድኃኒት ልኬት ላቦራቶሪ የምሠራ ኬሚስት ስሆን፣ አራቱን ጥያቄዎችዎን አንድ ምክንያት እንደማይመልሳቸው ከወዲሁ እነግርዎታለሁ፤ ምናልባትም አራት የተለያዩ ስህተቶች በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ተገናኝተው ይሆናል።

ከማነጻጸሪያዎቹ ልጀምር። ቲኤችሲ ውኃን የሚሸሽ፣ ቅባትን የሚወድ ሞለኪውል በመሆኑ በመሣሪያው መርፌ፣ በቫልቩና ንጥረ ነገሮችን በሚለያየው ቱቦ፣ በኮለሙ፣ ላይ ይለጠፍና ከፍተኛ መጠን ያለው ናሙና ካለፈ በኋላ ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ናሙናዎቹን ወደ መሣሪያው ያስገቡት በምን ቅደም ተከተል ነበር የሚል ነው። የ30 ደቂቃውን የቲኤችሲ ናሙና አስገብተው ቀጥሎ የማነጻጸሪያውን አስገብተው ከሆነ፣ ያነበቡት የቀደመውን አይጥ ቅሪት ሊሆን ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከፍተኛውን የማመሳከሪያ መፍትሔ፣ ማለትም መጠኑ የታወቀ ቲኤችሲ ያለበትን ፈሳሽ፣ ያስገቡ፣ ከዚያም ምንም የሌለበትን ባዶ ማሟሚያ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያስገቡ። ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ከሄደ ቅሪት ነው፤ በሦስቱም እኩል ሆኖ ከቆየ ግን ማሟሚያዎ ራሱ ተበክሏል። ቅሪት ከሆነ መርፌውን አይሶፕሮፓኖል ባለበት ጠንከር ያለ ማጠቢያ ማጠብና ከከፍተኛ ናሙናዎች በኋላ ባዶ ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል።

ወደ ሲቢዲው ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ያሳስበኛል። ቲኤችሲና ሲቢዲ ሁለቱም 21 ካርቦን፣ 30 ሃይድሮጅንና 2 ኦክስጅን ያላቸው፣ ክብደታቸው አንድ የሆነ ሞለኪውሎች ናቸው። መሣሪያው ሁለቱንም በ315 ክብደት ይዞ ሲሰብራቸው ሁለቱም 193 የሚመዝን ስባሪ ስለሚሰጡ፣ በክብደት ብቻ ማን ማን እንደሆነ ሊለያቸው አይችልም። የሚለያቸው ኮለሙ ነው፤ በተለመደው ሲ18 ኮለም ሲቢዲ ቀድሞ፣ ቲኤችሲ ዘግይቶ ይወጣል። ፒኮቹ፣ ማለትም የየንጥረ ነገሩ ምልክት የሆኑት ጉብታዎች፣ በግልጽ ተራርቀው መታየታቸውን መሣሪያው የሳለውን ክሮማቶግራም ከፍተው በዓይንዎ ይመልከቱ፤ ሶፍትዌሩ ያወጣውን ሠንጠረዥ ብቻ አይመኑ።

ፒኮቹ የተለያዩ ቢሆኑም እንኳ በመመሪያችሁ ላይ ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንቅልፍ ይነሳኛል። የሁለቱ ሞለኪውሎች ልዩነት በቲኤችሲ የተዘጋው ቀለበት በሲቢዲ ክፍት መሆኑ ነው፤ ጠንካራ አሲድና ሙቀት ሲያገኝ ክፍቱ ቀለበት ሊዘጋና ሲቢዲው ቲኤችሲ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ናሙናውን አሲዳማ አድርገው፣ አውጥተው፣ በ50 ዲግሪ እያደረቁት ነው፤ ጥቂት አሲድ ከማሟሚያው ጋር ተሻግሮ ከሆነ፣ ፈሳሹ እየደረቀ በሄደ ቁጥር አሲዱ እየጠነከረ ሲቢዲውን ቱቦው ውስጥ ያበስለዋል ማለት ነው። መመሪያው ቲኤችሲ ብቻ ለሚለካ ሰው ለዓመታት ሳያስቸግር ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ሲቢዲ ሲጨመርበት ግን ችግሩ ይወጣል። ምንም ካናቢኖይድ የሌለበት ፕላዝማ ላይ ንጹሕ ሲቢዲ ይጨምሩና ግማሹን በአሲዱ መንገድ፣ ግማሹን ፕሮቲኑን በቀዝቃዛ አሴቶናይትራይል ብቻ አዝቅጠው ያዘጋጁት። ከዚህም በተጨማሪ ያንኑ ሲቢዲ ምንም ሳያደርጉበት በቀጥታ ወደ መሣሪያው ያስገቡት። ቲኤችሲ በአሲዱ መንገድ ብቻ ከታየ ጥፋተኛው አሲዱ ነው፤ በሦስቱም ከታየ ግን የገዙት ሲቢዲ ንጹሕ አይደለም ወይም ኮለሙ አልለያቸውም።

ፍሪዘር ውስጥ ጨመረ ላሉት፣ በእኔ ግምት የጨመረው ናሙናው ሳይሆን የቀነሰው ማመሳከሪያው ነው። የማመሳከሪያ መፍትሔዎቹን በውኃ አቅጥነው በፕላስቲክ ቱቦ አስቀምጠው ከሆነ፣ ቲኤችሲው በ10 ቀን ውስጥ ቱቦው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀንሳል። 100 ብለው የጻፉበት ቱቦ በእርግጥ የያዘው 70 ከሆነ፣ ናሙናዎ በዚያ ሚዛን ሲመዘን ከእውነቱ በልጦ ይታያል። ፕላዝማ ውስጥ ያለው ቲኤችሲ ግን ወደ 97 በመቶ የሚሆነው ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ያን ያህል ወደ ግድግዳው አይሸሽም። ዳውቴሪየም የተባለ ከባድ ሃይድሮጅን ያለበትን የውስጥ ማመሳከሪያ፣ ማለትም በ318 የሚያዘውን፣ ብትጨምሩም ይህን ስህተት አያርመውም፤ የሚያርመው እርሱ ከተጨመረ በኋላ የጠፋውን ብቻ ነውና።

በ2022 የጸደቀው አይሲኤች ኤም10 የተባለው ዓለም አቀፍ የልኬት መመሪያ ማመሳከሪያና የቁጥጥር ናሙናዎች ከእውነተኛ ዋጋቸው ከ15 በመቶ፣ በዝቅተኛው ወሰን ላይ ደግሞ ከ20 በመቶ በላይ እንዳይርቁ፣ ድጋሚ ከተለኩ የእንስሳት ናሙናዎችም ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ከ20 በመቶ ባነሰ ልዩነት እንዲገጥሙ ይጠይቃል። በእርስዎ 40 በመቶ ልዩነት ያ ልኬት አያልፍም፤ አማካሪዎ ቢቆጡም አያልፍም።


መልስ፦ የእንስሳት ሐኪሙ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ የመሣሪያውን ወገን የሚመለከት ሲሆን፣ እኔ ደሙ ቱቦ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ያለውን ልጨምር። የላቦራቶሪ እንስሳትን የምንከባከብ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንጠየቀው ቁጥሩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

የማነጻጸሪያዎቹን ቲኤችሲ ከየት እንደ መጣ ለመለየት የሚረዳ አንድ ብልሃት አለ። ጉበት ቲኤችሲን መጀመሪያ 11 ሃይድሮክሲ ቲኤችሲ ወደሚባለው፣ እርሱም አስካሪ ወደሆነው፣ ቀጥሎም ቲኤችሲ ካርቦክሲ ወደሚባለው የማያሰክር ሜታቦላይት፣ ማለትም ገላ ለውጦ ወደሚሠራው ውጤት፣ ይለውጠዋል። በማነጻጸሪያው አይጥ ደም ውስጥ ቲኤችሲ ብቻ ተገኝቶ ካርቦክሲው ከሌለ፣ ብክለቱ ከአይጡ ገላ ውጭ የሆነ ነው፤ ካርቦክሲው ካለ ግን ቲኤችሲው ወይም ሜታቦላይቱ ወደ አይጡ ገላ ገብቷል ማለት ነው። ይህ የሚሠራው በእርግጥ የመሣሪያው ቅሪት አስቀድሞ ከተጣራ ብቻ ነው።

ከገላ ውጭ የሚሆነው በምን መንገድ እንደሆነ ላሳይዎ። ቲኤችሲውን በመርፌ ሲወጉ አንድ ጠብታ ጓንትዎ ላይ ቀረ እንበል፤ በዚያው ጓንት የማነጻጸሪያውን ጅራት ይዘው፣ ደሙ በቆዳው ላይ እየተንከባለለ ወደ ቱቦው ሲወርድ ያንን ይዞ ይገባል። በናኖግራም ለሚለካ ነገር ዓይን የማያያት ቅንጣት ጠብታ ትበቃለች። ስለዚህ የማነጻጸሪያዎቹን ደም ሁልጊዜ አስቀድሞ መቅዳት፣ በየቡድኑ ጓንት መለወጥ፣ ጅራቱን ማጽዳትና የመጀመሪያዋን የደም ጠብታ መጥረግ ተገቢ ነው።

ወደ ገላ የሚገባበትን መንገድ ደግሞ ብዙዎች አያስቡትም። አይጦቹን በምን ዓይነት አደረጃጀት ነው ያኖሯቸው? ቲኤችሲ የተሰጠውና ማነጻጸሪያው በአንድ ጎጆ ከኖሩ፣ ራቶች እርስ በርስ ይላላሳሉ፣ ፋንድያም ይበላሉ፤ የቲኤችሲ ሜታቦላይቶች በብዛት የሚወጡትም በፋንድያ ነው። አንዳንድ ተማሪዎች ከየጎጆው አንድ አንድ አይጥ ለየቡድኑ ማደል ፍትሐዊ አድልዎ አልባ ምደባ ይመስላቸዋል፤ በባህርይ ጥናት መልካም ሊሆን ይችላል፣ በናኖግራም ልኬት ግን ወጥመድ ነው።

የ24 ሰዓቱን ናሙና በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ቲኤችሲ በፍጥነት ወደ ስብ ገብቶ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ደም የሚመለስ ነው። በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2009 የታተመ የራት ጥናት እንዳሳየው፣ ቲኤችሲ በስብ ያከማቹ ራቶች ምግብ ሲከለከሉ ወይም ኤሲቲኤች የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ሲሰጣቸው በደማቸው ያለው የካናቢኖይድ መጠን ይጨምራል። እርስዎ ለመጨረሻው ቅጂ ሲሉ ምግባቸውን ሌሊቱን ከወሰዱባቸው፣ ወይም ሳያለማምዷቸው በመያዣ ቱቦ ውስጥ አጥብቀው ከያዟቸው፣ የሚለኩት የመድኃኒቱን አወጣጥ ብቻ ሳይሆን የራስዎንም አያያዝ ነው።

የደሙን መጠን ግን ጥሩ አስበውበታል። 300 ግራም የሚመዝን ራት ወደ 19 ሚሊሊትር ገደማ ደም ስላለው፣ በድምሩ 1 ሚሊሊትር መውሰድዎ በተለምዶ ለአንድ ጊዜ ከሚፈቀደው 10 በመቶ በታች ነው። ሥራውን ወደ ማውስ ካዛወሩት ግን 25 ግራም የምትመዝነው አጠቃላይ ደሟ ወደ 2 ሚሊሊትር ስለሆነ፣ ይህንኑ የአቀዳድ መርሐ ግብር በአንዷ ላይ ቢሞክሩት ግማሽ ደሟን መውሰድ ይሆናል።


መልስ፦ ሊፒድ

እኔ በእስራኤል ገላ ራሱ የሚሠራቸውን ካናቢኖይዶች በሚያጠና ቡድን ውስጥ ነኝ። ስለ ኢላይዛው ማንም ስላልመለሰ እርሱን ልመልስ። አብዛኞቹ የካናቢስ ኢላይዛ ኪቶች የተሠሩት ለሰው የሕግ ምርመራ ሲሆን፣ ፀረ እንግዳ አካላቸውም የሚይዘው በዋናነት ቲኤችሲ ካርቦክሲን ነው፤ ከሌሎች ሜታቦላይቶችም ጋር በተለያየ መጠን ይጣበቃል። በ4 ሰዓት ቲኤችሲው ራሱ ሲወርድ ሜታቦላይቶቹ ገና ብዙ ስለሆኑ፣ ስድስት እጥፍ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። ኪቱ አልዋሸዎትም፣ ሌላ ጥያቄ ነው የመለሰልዎ። አለ ወይስ የለም ለማለት ይጠቅማል፤ የቲኤችሲን የደም ኩርባ ለመሳል ግን ፈጽሞ አይሆንም።

ራቶችዎ ወንድ ናቸው ወይስ ሴት? ሴት ራቶች 11 ሃይድሮክሲውን ከወንዶቹ በበለጠ መጠን እንደሚሠሩ የታወቀ ስለሆነ፣ ሁለቱን ቀላቅለው አማካይ ካወጡ ማንንም የማይወክል ቁጥር ያገኛሉ።

ከሚዛን ጋር በአንድ ነገር አልስማማም፤ ፕላዝማ ውስጥ ያለው ቲኤችሲ አይሸሽም ብሎ ፕላስቲክን ነጻ ማውጣት ለእኔ ድፍረት ነው። እኛ ግድግዳው ሲላን በተባለ፣ መለጠፍን በሚቀንስ ኬሚካል የተሸፈነ የብርጭቆ ቱቦ ነው የምንጠቀመው፤ በተለይ ናሙናው ትንሽ ሲሆን የሚነካው ግድግዳ ከፈሳሹ አንጻር ብዙ ነው። በ1964 ጋኦኒና መኩላም የተባሉ ተመራማሪዎች እዚሁ እስራኤል በሬሆቮት ከተማ ንጹሕ ቲኤችሲ ለይተው አወቃቀሩን እስኪያሳውቁ ድረስ በደም ውስጥ የሚመዘንበት ትክክለኛ ማመሳከሪያ አልነበረም፤ ዛሬ ማመሳከሪያው በትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ ታሽጎ ይመጣል፣ እኛ ደግሞ በ5 ሳንቲም ቱቦ እናጠፋዋለን።

ወደፊት ገላ ራሱ ከሚሠራቸው ካናቢኖይዶች አንዱ የሆነውን አናንዳማይድንም ልለካ ካሉ የአቀዳዱ ሥርዓት ከመሠረቱ ይለወጣል። አናንዳማይድ ደሙ ተቀድቶ በክፍል ሙቀት ሲቀመጥ ከደም ሕዋሳቱ እየወጣ ይጨምራል፤ ስለዚህ ቱቦው ቀድሞ በረዶ ላይ ሆኖ፣ ፕላዝማውም ወዲያው በቀዝቃዛ ሴንትሪፊውጅ መለየት አለበት። 2 ኤጂ የተባለው ሌላው የገላ ካናቢኖይድ ደግሞ ቱቦ ውስጥ ሳለ ቅርጹን ወደ 1 ኤጂ ስለሚለውጥ ሁለቱን ደምሮ መዘገብ የተለመደ ነው። ቲኤችሲው 20 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ቢቆይ ይታገሣል፤ እነዚህ ግን አይታገሡም።


መልስ፦ ሚዛን

በሊፒድ አባባል አንድ ነገር ላክልበት፤ ተራ ብርጭቆም ቲኤችሲን ይይዛል። የቱቦው ዓይነት ሳይሆን ቲኤችሲው የተቀመጠበት ፈሳሽ ነው ወሳኙ፦ ሜታኖል ወይም ፕላዝማ ከሆነ ይቆያል፣ ውኃ ከበዛበት ይለጠፋል። መሟገት ያለባቸው ሁለቱ ቱቦዎች እንጂ እኛ አይደለንም፤ ጠያቂዋ ተመሳሳይ ፕላዝማ በሁለቱም ለ10 ቀን አስቀምጠው ቢለኩት ያበቃል።


ጀማሪዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የነገራችሁኝን ስፈትን ቆይቼ ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

ከከፍተኛው ማመሳከሪያ በኋላ ያስገባሁት የመጀመሪያ ባዶ 0.9፣ ሁለተኛው 0.3 ሲሰጥ ሦስተኛው ምንም አላሳየም፤ ስለዚህ ቅሪት ነው። ከ4ቱ የማነጻጸሪያ ራቶች 3ቱ የገቡት ከቲኤችሲ ናሙና ቀጥለው ነበር፤ ማጠቢያውን ለውጬ ስደግማቸው ንጹሕ ሆኑ። አራተኛው ግን በዕለቱ ከሁሉም ናሙናዎች በፊት የገባ ስለነበር ቅሪት ሊሆን አልቻለም፤ ቲኤችሲ ካርቦክሲውን ብፈልግ በግልጽ ተገኘ። የጎጆ መዝገቡን ገልጬ ባይ ቲኤችሲ ከተሰጠው ራት ጋር አብሮ የኖረው እርሱ ብቻ ነው። ሌሎቹን ለየብቻ አድርጌ ሳለ ያን ቀን ጎጆ አንሶን ነበርና ሁለቱን ያጎዳኘኋቸው ራሴ ነኝ።

ባዶ ፕላዝማ ላይ የጨመርሁት ሲቢዲ በአሲዱ መንገድ ሲሄድ የቲኤችሲ ፒክ ሰጠ፤ በአሴቶናይትራይል ብቻም ሆነ በቀጥታ ሲገባ ግን አልሰጠም። አማካሪዬ ክሮማቶግራሙን አይተው ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ መመሪያው ከእርሳቸው በፊት እንደ ተጻፈ ነገሩኝ። ማመሳከሪያዎቹም ሚዛን እንዳሉት ግማሹ ውኃ በሆነ ፈሳሽ ቀጥነው በፕላስቲክ ቱቦ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቆዩ ነበሩ፤ አዲስ በሜታኖል አዘጋጅቼ በፕላዝማ ላይ ስጨምራቸው ድጋሚ ልኬቱ ከመጀመሪያው በ8 በመቶ ብቻ ተለየ። ራቶቼ ሁሉም ወንድ ናቸው፤ ኢላይዛውን ትቼዋለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። የሲቢዲው ቡድን የቲኤችሲ ቁጥሮች ሁሉ ዋጋ የላቸውም፤ ሲቢዲው ራሱም በአሲዱ ስለተቀየረ ከእውነቱ አንሶ ተለክቷል ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ቱቦ 35 ማይክሮሊትር የሚሆን ፕላዝማ ቀርቶኛል። እንስሳቱን ሳልደግም በዚህ ልተርፍ እችላለሁን?


መልስ፦ ሚዛን

በአሴቶናይትራይል መንገድ 30 ማይክሮሊትር ይበቃዎታል፤ ነገር ግን አንድ ዕድል ብቻ ስላለዎት አስቀድመው እንዲህ ያድርጉ። እነዚህ ቱቦዎች ሁለት ጊዜ ቀልጠው ተመልሰው በረዶ ሆነዋል፤ በባዶ ፕላዝማ ላይ ሲቢዲ ጨምረው፣ በዚያው ዓይነት ቱቦ ሦስት ጊዜ አቅልጠውና አቀዝቅዘው፣ ምንም ካልቀለጠው ጋር ያወዳድሩ። ልዩነቱ ከ15 በመቶ በታች ከሆነ ናሙናዎቹን ያቅልጡ፤ በፒፔት ከመቅዳትዎ በፊት በደንብ ያዋሕዷቸው፣ የውስጥ ማመሳከሪያውንም ከአሴቶናይትራይሉ በፊት ይጨምሩ። የማነጻጸሪያዎቹን ናሙናዎች ከሁሉም በፊት ያስገቡ፤ ጎረቤቱ ቲኤችሲ የነበረውን ያን አንድ ራት ግን ከቡድኑ አውጥተው ምክንያቱን በጽሑፍዎ ላይ ይግለጹ።